ምድጃው ደጅ ይደር

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ግን አከራይሽ ደውለው፣ «ልጅሽ ጠዋት ራሷን ይዛ ደጃፍ ላይ ስታስመልስ አገኘኋት፤ ብርድ ነው አለችኝ» አሉኝ። የሱሉልታ ብርድ ያንቀጠቅጣል እንጂ አያስመልስም። ከሰል አስገብተሽ ነው ያደርሽው። ምድጃው ደጅ ይደር!

«ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም እኮ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፤ አመድ ከለበሰ ረመጥም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ቶሎ አይለቅም። ያለሽበት ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፣ ይብሳል። አንቺ በዚያ ላይ የበሩን ስር በጨርቅ ወትፈሻል።

የአክስትሽን ቤት ነገር አልደግምልሽም። እነሱም «ጉንፋን ነው» ብለው ነበር የተኙት። ጉንፋን ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት አይዝም፤ ደጅ ሲወጡም አይሻልም። አንቺንና አብራሽ ያለችውን ልጅ እኩል ራስ ካመማችሁ፣ ጉልበታችሁ ከከዳችሁ፣ ከሰሉ ነው።

ያን ምድጃ በጋዜጣ ጠቅልዬ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ብርድ ልብስ መግዛት ሲገባኝ ለቡናሽ ተጨነቅሁ። ሌሊት የሚያባንነኝ ይኸው ነው።

ቡናውን ደጅ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር አፍዪ፤ መስኮት ስር ግን አይሁን። በረካው ሲያልቅ ምድጃው ላይ ውሃ አታፍሺ፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። ፍሙን በጉጠት አንድ በአንድ እያነሳሽ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ክተቺ፤ «ጭስስ» ብሎ ይጠቁራል። አመዱን ቆስቁሰሽ እዪ፣ ከስሩ ፍም ይደበቃል። የጠፋውን ፀሐይ ሲወጣ አስጪውና መልሰሽ አንድጂው፤ ቁጠባሽም አይቀርብሽ። ለእግርሽ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ በነጠላ ጠቅልዪ። የፈላ አታድርጊ፣ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ያፈሳል።

ልጅቷ አልነቃ ካለች በሩን ወለል አድርገሽ መጀመሪያ ወደ ደጅ ጎትቻት፤ ከዚያ ወደ አምቡላንስ፣ 907 ደውዪ። ወተትም ውሃም አፏ ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ ትን ይላታል። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «ከሰል ነበር» በዪ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የከሰሉን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ፣ 98 ቢያሳይም አትመኚው፤ ኦክስጅን ይስጧት። በንጹህ አየር ብቻ የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል።



አባትሽ ተቆጥቷል፣ አትደውዪለት፤ ለእኔ ደውዪ። ደግሞ ምድጃው ደጅ ይደር። ቅዳሜ ወንድምሽ ሁለት ብርድ ልብስ ያመጣልሻል፤ ሲመለስ ያን ጆንያ ከሰል ይዞልኝ ይምጣ።

እናትሽ