ለእማዬ፣ ጎንደር፤ ቁስቋም ሳይደርስ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፊደሉን ያተለቅሁት መነጽር ፍለጋ እንዳትደክሚ ነው። ትልቋ የልጅ ልጅሽ 8ኛ ክፍል ገባች፤ በሒሳብ አንቺን ነው የወጣችው፣ ሽራፊ ሳንቲም አታሳልፍም። የትንሹ የፊት ጥርስ ወልቆ ጣሪያ ላይ ልወርውር ብሎ አስቸገረን። አራተኛ ፎቅ ላይ ጣሪያ ከየት ይመጣል? በመስኮት ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወረወረው፤ ሲንኳኳ ሰምቶ ነው የተኛው።

ስለ ልጆቹ ገጽ ሙሉ መጻፍ አያቅተኝም። ብዕር ያነሣሁት ግን ለሌላ ነው።

እኅቴ ሁሉንም ነግራኛለች፤ አትቆጫት። ቁልፉ ከሽሮ ዕቃ ውስጥ መገኘቱን፣ ከሥላሴ ስትመለሺ አራዳ ላይ ቆመሽ የገዛ ቤትሽን መንገድ ባለሱቋን መጠየቅሽን፣ እሷም እጅሽን ይዛ ማድረሷን። ለእኔ ግን “ደኅና ነኝ፣ ያው እርጅና ነው” ትይኛለሽ። በእኛ ቤት መደበቅ አዲስ አይደለም።

በ1994 ዓ.ም. አባቴ ግንቦት ላይ ሞተ፤ ፈተናው እንዳይበላሽ ብላችሁ ዝም አላችሁኝ። ሐምሌ ላይ ለእሱ የገዛሁትን ቡናማ ሹራብ በፌስታል ይዤ ከአውቶቡስ ወረድሁ። አጎቴ “ደክሞሃል፣ ዛሬ እኛ ጋ እደር” አለኝ። ሊነጋጋ ሲል ስነቃ ክፍሉ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሰዎች ተሞልቷል። አርባው እንኳ አልፎ ነበር። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ስልክ ያለ ሰዓቱ በጮኸ ቁጥር “ምን ሆነ?” አልልም፤ “ከመቼ ጀምሮ?” ነው የምለው።

ባለፈው እሑድ ልትዘጊ ስትይ “አባትህ ሲመጣ መልሰህ ደውል፣ ናፍቆሃል” አልሽኝ። “እሺ” አልሁሽ። አልነገርሁሽም።

በማግስቱ ሐኪም ጓደኛዬ ዘንድ ሄድሁ። “ጃጀች ማለት ነው?” ብዬ ስጠይቀው ተቆጣኝ። የሚረሳ ሁሉ በሽታው አንድ አይደለም፣ ሊታከም የሚችልም አለ፣ ሳይመረመር እርጅና ነው አይባልም አለኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ምግብሽ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እንጂ ከሽሮና ከጎመን አይገኝም፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ ጉድለቱ ሳይታወቅ መጥቶ ማስታወስን ሊነካ ይችላል። አንቺ ጽጌንም ጨምረሽ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ትጾሚያለሽ፤ በዚያ ላይ ለስኳርሽ የምትውጪው ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ይህንኑ ቫይታሚን ይቀንሳል። እግሬን ጉንዳን ይሄድብኛል የምትይው ከስኳሩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከጎደለ መርፌ አለው። የንስሐ አባትሽንም ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሕክምናው ይቅደም ብለዋል። ከጀርባዬ ምን አስኬደህ ብትይ ከአንቺ የተማርሁት ነው።

ደግሞ ለእግርሽ ማታ ማታ የምትውጪው አሚትሪፕቲሊንና ጎረቤት የሰጠችሽ የሚያስተኛ የጉንፋን ክኒን በዕድሜ የገፋን ሰው አእምሮ ሊያደበዝዙ ይችላሉ። አሚትሪፕቲሊኑን በራስሽ እንዳታቆሚ፤ ሐኪሙ ይወስን። የጎረቤቷን ግን መልሺላት።

ጓደኛዬን ያስደነገጠው መውደቅሽ ነው። በፍልሰታ ከቅዳሴ ስትመለሺ ደረጃው ጭንቅላትሽን ሲመታሽ እብጠቱ በማግስቱ ጠፋ ብለሽ ተውሽው። በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀምና መደናገሩ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል አለኝ። በሲቲ ስካን ይታያል፣ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ እንዴት አትነግሪኝም? ይህ እኔን አይጠብቅም፤ ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት እኅቴ ትወስድሻለች፣ ብር ልኬላታለሁ። ከዚያ በፊት ራስ ምታት ቢበረታብሽ፣ ቢያስመልስሽ ወይም አንዱ እጅሽ ቢዝል በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ጆሮሽም ይታይ። “እሰማለሁ” እንዳትይኝ፤ እኅቴ ከኩሽና ስትጠራሽ የምትሰማት ድመቷ ብቻ ናት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ ሁሉም ቢወገዱ ከታማሚው ግማሹ ገደማ ላይታመም ወይም ሊዘገይለት ይችላል ይላል። የጆሮ መድከም አንዱ ነው፤ ደም ግፊትና ስኳርም አሉበት፤ ብቸኝነትም። ብቸኝነት የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነስ? እሱንም ጠይቄዋለሁ። መልሱን በወረቀት አልጽፈውም።

መንገዱ እንደምታውቂው ነውና በአውሮፕላን ኅዳር 4 አዘዞ እደርሳለሁ። ቁስቋምን አብረን እናነግሣለን። ሰኞ ኅዳር 8 ለደም ምርመራ እወስድሻለሁ፤ ቢ12ቱንም፣ የእንቅርት ዕጢሽንም ያዩታል። ውጤቱን አንቺ ባለሽበት እንዲነግሩን እጠይቃለሁ። አባቴን ከጠየቅሽኝ ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ልጅሽ

የምትውጪውን ክኒን ሁሉ፣ ያለቀውንም ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል አኑሪልኝ። የጆሮሽን ኩክ በእንጨት አትጎርጉሪው።