ከተመላሾቹ ሪፖርት የጎደለው ገጽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት በወጣ ቁጥር የበጎ ፈቃድ ወጣቶችን ዜና አነባለሁ። የተተከለው ችግኝ፣ የታደሰው የአቅመ ደካሞች ቤት፣ የተለገሰው ደም ይቆጠራል። ይቆጠር፤ ጣሪያዋ ሲያፈስባት የከረመች እናት ዋጋውን ታውቀዋለች። ልጁ ራሱ ምን ሆኖ ተመለሰ ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በ1967 ዓ.ም. እድገት በኅብረት የተባለው የደርግ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ እኔም ከወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተነሥቼ ጋሞ ጎፋ፣ ጨንቻ ደረስሁ። ደሴ ሳለሁ ማን ነኝ ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። የእናቴ አባት ሐጂ፣ የአባቴ ወንድም ዲያቆን ናቸው፤ ቡናው በዱዓ ይጠጣል፣ ለጥምቀትም ታቦት እንሸኛለን። አባቴ ሰኞ ገበያ በአንዲት ሲንጀር መኪና ልብስ የሚሰፋ፣ ስንዝር መሬት ያልነበረው ሰው ነው።

ጨንቻ ላይ ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም። አማርኛ ስናገር ግን አባቴን የሚያክሉ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጎንበስ አሉልኝ። አማርኛ እዚያ የባለርስቱና የዳኛው ቋንቋ ነበር። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ ብዬ እንዳላስረዳ የማስረዳው በዚያው በአማርኛ ነው። የካቲት 25 ባለርስትነትን የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ እንኳ ሽማግሌው መነሣታቸውን አልተዉም። ለዘመቻ ጣቢያው በምናቀርበው ሪፖርት የተቆፈረው መጸዳጃና ፊደል የቆጠረው ሰው ብዛት ሰፍሯል። ለሽማግሌው መነሣት ረድፍ አልተሰመረለትም።

ዘንድሮ ደግሞ ኮምቦልቻ ያደገች የእህቴ የልጅ ልጅ ለበጎ ፈቃድ ጋምቤላ ሄዳ ተመለሰች። ስሟ የክርስቲያን ነው፤ እሷ ግን ሒጃብ የምትለብስ ሙስሊም ናት። ወሎ ውስጥ ይህ ማንንም አያስገርምም። ጋምቤላ ላይም ቢሆን ጉዳይ የሆነው ሌላ ነው፤ እዚያ ከደጋው አገር የመጣ ሁሉ፣ አማራም ይሁን ኦሮሞ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ደገኛ ነው የሚባለው። እኛ ደሴዎች ከሐረጎ ተራራ ቁልቁል፣ ኮምቦልቻ ያሉትን ቆለኞች እያልን ስንቀልድባቸው ኖረን፣ የኮምቦልቻዋ ልጅ ደገኛ ተብላ አረፈችው! መጀመሪያ ስቃ ነገረችኝ። ቆይታ ግን፣ እሷም ከመሄዷ በፊት አኙዋውንና ኑዌሩን ሳትለይ ሁሉንም የጋምቤላ ሰው ብላ ታስብ እንደነበር፣ እዚያ ደርሳ አንድ ሌሊት ሙሉ ይህ እንቅልፍ እንደነሣት አጫወተችኝ።

በመዝጊያው በዓል ሁለት ደቂቃ ተሰጥቷት «አንድነታችንን በዓይኔ አየሁ» ብላ ወረደች። ያንን የሌሊቱን ነገር ብትናገር ማን ያጨበጭብላት ነበር?

የምለው እንግዲህ፣ የምስክር ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይጻፍ። ምን እንደሠራ ሳይሆን፣ ማን ነው ብለው እንደተቀበሉት፣ እሱስ ያንን ሲሰማ ምን እንደተሰማው። ያሳደሯቸው ቤተሰቦችም ይጠየቁ። የጨንቻውን ሽማግሌ፣ ስለዚያ ካኪ ለባሽ ጎረምሳ ምን እንዳሰቡ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቃቸው ቀረ።

ጋዜጣችሁ ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ ዓምድ ቢከፍት የልጅቷን ገጽ ቀድሜ እልካለሁ። እንዳይቆረጥባት ግን ቃል አስገብታኛለች።

ጡረተኛው መምህር
ከሆጤ፣ ደሴ