እውነት ሆኖ መጥፎ የሆነ መልስ

ይድረስ ለወዳጄ ለየኔታ፤

እንደምን ከረምክ? ቅጽል ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ስለሆንኩ ዛሬም ፈቃድ አልጠይቅም። በአንድ ታክሲ ከሚደረስበት ሰፈር ሆኜ ሦስት ዓመት ዝም ካልኩ በኋላ “ናፍቀኸኝ ጻፍኩ” ብል ታውቅብኛለህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ። አሁን ወደ ጉዳዬ ልለፍ፤ ቸግሮኛል።

የምመራው የተማሪዎች የሕዋ ክበብ፣ አንተ ዓመት አይሞላውም ያልከው፣ አልሞተም። ባለፈው ወር ስለ ሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመጥቁ በእያንዳንዳቸው ላይ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ የድምፅ ሸክላ ተገጥሞላቸዋል። ሙዚቃ አለበት፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ አለበት፣ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ አለበት። ልጆቹ ወዲያው የጠየቁኝ አማርኛ መኖሩን ነው። የለም። ተናጋሪ ካጡ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ሱመርኛና አካድኛ ግን አሉ። ድምፆቹ በአብዛኛው የተቀዱት ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በጥድፊያ፣ እዚያ ከተገኙ ሰዎች ስለሆነ ቂም አትያዙ አልኳቸው። አንተ ብትኖር ኖሮ የምትለውን ደግሞ አውቀዋለሁ፦ የእነሱ ወርቅ ከላይ፣ መዳቡ ከውስጥ፤ የእኛ ቅኔ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከውስጥ። አንተን መስዬ ተናገርኩት። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ የራሳችንን መልእክት እንጻፍ አሉ። ቁጥርና ኬሚስትሪ ሌሎች ልከውታል፤ እኛ “ጥሩ ሰው ማለት ምን ማለት ነው” የሚለውን እንላክ ተባለ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ “ሸክላው ላይ የጦርነት ፎቶግራፍ ለምን የለም?” አለችኝ። አዘጋጆቹ ጦርነትን፣ በሽታን፣ ወንጀልንና ድህነትን ሆን ብለው ነው የተዉት። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም ወይ? ብዬ ለማለፍ ሞከርኩ። “እንግዳውማ አንድ ቀን ጓዳ ይገባል” አለች። ይባስ ብዬ የኩርት ዋልድሃይምን ነገር አነሳሁ። ሰውየው በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ነበር፤ ወደ ጠፈር የምንወጣው ሰላምና ወዳጅነት ብቻ ፈልገን ነው የሚለው ድምፁ ሸክላው ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ለኦስትሪያ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ውስጥ ሆኖ በባልካን ያገለገለበትን፣ የደበቀውን ታሪክ አወጡበት። ተመረጠም። ድምፁ ዛሬ በቮየጀር 1 ላይ ሆኖ ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እየሄደ ነው፤ ተመለስ ተብሎ አይጠራ ነገር።

ዋናው ጉዳዬ ግን ይህ አይደለም። ሃንስ ፍሮይደንታል የሚባል፣ ኔዘርላንድስ ይኖር የነበረ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ሊንኮስ የሚባል ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር መነጋገሪያ ቋንቋ አሳትሟል። ከቁጥር ይጀምራል፣ ጊዜን ያስተምራል፣ ቀጥሎ ሁለት ተነጋጋሪዎችን ያመጣል። እኛ ሀ እና ለ አልናቸው። ሀ ይጠይቃል፦ በ4 ተባዝቶ 10 የሚሆነው ቁጥር ስንት ነው? ለ ይመልሳል፦ 10/4። ሀ “መጥፎ” ይላል። ለ ቆይቶ 5/2 ሲል ሀ “ጥሩ” ይላል። ልብ በል፣ 10/4 ስሕተት አይደለም። እውነት ነው። ግን መጥፎ ነው፤ ጥያቄውን ገልብጦ መለሰለት እንጂ ጠያቂውን አላሳረፈውም። ጥሩና መጥፎ ከትክክልና ከስሕተት የሚለዩት እዚህች ጋ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ልል ስል ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ።

በአባትህ ሠልስት ስለ ቤቱ የተናገርኩት ትዝ አለኝ።

ሒሳቡ ልክ ነበር። አሁንም ቢሆን ውርሱ በዚያ መንገድ ካልሆነ… ተወው። አየህ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ እንኳን ልከራከርህ ነበር። ድንኳኑ ሳይነሳ፣ እናትህ እየሰሙ፣ 10/4 አልኩህ። አንተ ምንም አላልክም። ዝም ብለህ የቡናውን ስኒ ሰበሰብክ።

እንግዲህ ልጆቹ “ይቅርታን” በሀ እና በለ እንጻፈው ብለዋል። ሀ መጥፎ መልስ ሰጠ፣ ለ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ይህን በሰከንድ ምልክት ማሳየት ይቻላል። ከዚያስ? አንዱ ልጅ “ለ ‘ጥሩ’ ይበል” ሲል፣ ሌላው “ውሸት ነው፣ መልሱ እኮ አሁንም መጥፎ ነው” አለ። ያቺ የጓዳዋ ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ይግባ ብላ ሐን ጨመረች። ሐ ግን ምን ይበል? እስካሁን ያሉን ቃላት ጥሩና መጥፎ ብቻ ናቸው። የባሰው ጥያቄ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፦ “ይቅር” ስንል በደሉ ይጠፋል ነው የምንለው፣ ወይስ እዚያው ከኋላ ይቀራል? ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ምን ልበላቸው? ዕርቅ፣ ምሕረት፣ ይቅርታ ከሚሉት የትኛው ቀድሞ የትኛው ከእሱ እንደሚወጣ የምታውቀው አንተ ነህ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ፤ ክፍሉ ያው የድሮው ነው። ባትመጣም አልቀየምም፤ የመቀየም ተራው የእኔ አይደለም። ሽማግሌ ልልክብህ አስቤ ነበር፣ ግን እንዳየኸው የእኛ ሐ ገና መናገር አልጀመረም።

የግእዝ መዝገበ ቃላትህ እኔ ጋ ነው። “መ” ላይ ትንሽ ቡና ፈስሶበታል።

ያው ወዳጅህ