ደብዳቤ ለልጄ፦ ከመሸ እደር

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ጠንክሯል። የጓሮው በቆሎ እሸት ደርሶ እናትህ በየማታው እየጠበሰች «እሱ ቢኖር» ትላለች።

እህትህ ባለፈው እሑድ ደውላ ነበር። ልትከስህ ብላ ሳይሆን ጨንቋት ነውና አትቆጣት። ሞተሯን ከጋራዥ አውጥተህ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ድረስ ሄደህ እንደተመለስክ ነገረችኝ። እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ ሰማሁ፤ እንዲያውም ለእናትህ ሳልናገር በልቤ ደስ አለኝ። ቀጥላ ቤት የገባኸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መሆኑን ስትነግረኝ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከሞተር ወድቆ ወራቱን በአልጋና በክራንች ያሳለፈ፣ ጭኑ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው የመጀመሪያ ጉዞውን በጨለማ ይጨርሳል? በስልክ ልቆጣህ አስቤ ተውኩት። በስልክ «እሺ አባዬ» ትልና ትዘጋዋለህ። የተጻፈውን ግን መልሰህ ታነበዋለህ።

ሞተሯን ሽጣት ልልህ አይደለም። እናትህ እንደዚያ ብዬ እንድጽፍልህ ትፈልጋለች። የገና ዕለት ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጣ ለቅዱስ ማርቆስ ስትሳል አጠገቧ ነበርኩ፤ አንተም በእግርህ ስለቆምክ ጥላውን አስገብታለች። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን በግብርና ቢሮ ሞተር ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ከቢቸና ወደ ሞጣ በማለዳ ስትነዳ የጮቄ ራስ ከጉም በላይ ብቅ ሲል ማየት፣ ብርዱ በእጅጌህ ሲገባ፣ አዲስ የታረሰ መሬት ሲሸትህ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ያንን ተው ብዬ ልፈርድብህ አልችልም። ላሊበላም፣ ጎንደርም፣ የስሜን ተራራም ሂድባት። የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ከመሸ አትንዳ። እደር።

ደምበጫ ሳትደርስ የወደቅክበትን ቦታ አንተ አታስታውሰውም። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። ለአህያዋ ካሣ ለመክፈል ሁለት ሽማግሌ ይዤ ገበሬው ቤት ገብቼ ነበር። በቃሬዛ ተሸክሞ ከመንገድ ያወጣህ ያው እሱ ነው። ከውድማ ጭድ ጭኖ ሲመለስ አህያዋ ከነጭነቷ የአስፋልቱን ግማሽ ይዛ ነበር። ዓይን ሊይዝ ሲል የደረቀ ጭድ ከመንገድ ዳር ሣር አይለይም። ሰውየው ገንዘቡን እምቢ አለ። «ልጁ ተርፎ የለም እንዴ? አህያዬን እመቤቴ ትተካልኛለች» ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው በስንት ልመና ግማሹን ተቀበለ። ጠላ አቅርቦልን ስንሸኝ ደጁ ላይ ቆሞ ቦታውን አሳየኝ፤ ከደጁ ቢጣሩ የሚሰማ ርቀት ነው። «ያን ማታ እዚህ እራት ተሠርቶ ይጠብቀኝ ነበር። ጎራ ብሎ የመሸብኝ እንግዳ ነኝ ቢል እግሩን አጥበን መደቡን እንለቅለት ነበር» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እውነቱን ነው እኮ። ጎጃም ውስጥ ለመሸበት እንግዳ በር የሚዘጋ ቤት ስንት አለ? አያትህ ቤት «የመሸብኝ ነኝ» ብሎ የመጣ ሰው ተመልሶ አያውቅም፤ ከየት መጣህ ተብሎ የሚጠየቀው እንኳን እራት ከበላ በኋላ ነበር። አንተ ግን በሰው ቤት ማደር ታፍራለህ። ይህን ከማን እንደወረስከው አላውቅም።

ቁጥር ትወዳለህና በቁጥር ልንገርህ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳለህ። ዓይንህ አይቶ እጅህ ፍሬን እስኪጨብጥ ያቺ ሰከንድ አልፋለች። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ ብትይዝ እንኳን ለመቆም ከ30 ሜትር በላይ ያስፈልግሃል። አጭሩ መብራትህ የሚያሳይህ 50 ሜትር ገደማ ነው። ደምረው። አህያዋን ባየሃት ጊዜ ነገሩ አብቅቶ ነበር፤ የአንተ የመንዳት ችሎታ ምንም አይለውጠውም። ደግሞ እኛ አገር ምሽት አይዘገይም። 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። ያ ሰዓት ከብት የሚገባበት፣ ገበያተኛ የሚመለስበት፣ መብራት የሌለው ጋሪ አስፋልት ላይ የሚወጣበት ሰዓት ነው።

የክርስትና አባትህን እግር ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ። እህትህ «ጦርነት ሄዶ ነው» ብላህ ነበር፤ እኛም አላረምናትም፤ እሱም ስለ ነገሩ መናገር አይወድም። ጦርነት አይደለም።

በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሞጣ አካባቢ አብረን እንሠራ ነበር። ያማሃ ኤጂ 100 ሞተሮች ተሰጥተውናል፤ ካቴናቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ጭቃ የማይፈሩ፣ ለገበሬ አገር የተሠሩ ናቸው። የአባቱ ተዝካር በማግስቱ ቢቸና ነበር። የዚያን ዕለት ግን ስብሰባ ይዞን ውሎ የተነሣነው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ዳር ዳሩን በልቶታል። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ፀሐይ ጠለቀች። የማውቀው ገበሬ ደጅ ላይ ቆምን። «እንደር፤ ዶሮ ሲጮህ ተነሥተን ቅዳሴ ሳይወጣ እንደርሳለን» አልኩት። «የበኩር ልጅ ሳይኖር የአባት ተዝካር ይወጣል?» አለኝ። ምን ልበለው? ዘመድ አዝማድ ተጠርቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ካህናቱ ተነግሯቸዋል። የበኩር ልጁ ቀረ ቢባል ስሙ በአገር የሚነሣበት ነገር ነው። ለመቸኮል ከዚያ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ከዚያም ወዲህ አላየሁም። እኔ አደርኩ፣ እሱ ሄደ።

ጠዋት ያገኘሁት ከአንድ ፈፋ ሥር ነው። የመንገዱ ዳር ተንዶ ነበር፤ ቀን ቢሆን ሕፃን ልጅ የሚዘለው ቦይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እግሩ ከሞተሩ ሥር ተቀርቅሮ፣ ጅብ ሲጠጋው እጁ የደረሰበትን ድንጋይ እያነሣ ሲወረውር አደረ። ሳገኘው በዙሪያው አንድም ጠጠር አልቀረም ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እግሩ አይደለም። «ተዝካሩ ወጣ?» አለኝ። ወጥቷል፤ ያለ እሱ ወጣ። እግሩን ዘመዶቹ ለወጌሻ ሰጡት፤ ሆስፒታል እስኪደርስ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሞ ስለነበር ሐኪሞቹ ብዙም ሊያደርጉለት አልቻሉም። የአንተን ጊዜ እናትህ ከአጎቶችህ ጋር ተጣልታ ወጌሻ አይነካውም ያለችው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል።

ያን ማታ የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ብከተው ኖሮ ይጣላኝ ነበር። ምናልባት ለዓመታት አያናግረኝም ነበር። ግን በሁለት እግሩ እየሄደ ነበር የሚያኮርፈኝ። ይህን ሳስብ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ልጄ ሆይ፣ ያንተን ቁልፍ ባሕር ዳር ድረስ መጥቼ ልነቅል አልችልምና አንተው ንቀለው። ከመሸ አትንዳ።

አሁን ስለ ሞተሯ። ግቢያችን ቆማ በነበረ ጊዜ በየማለዳው እየዞርኩ አያት ነበር። በፊት በኩል የግራውን አሞርዛተር ዘንግ አቧራውን ጠርጌ የአውራ ጣቴን ጥፍር ከላይ ወደ ታች ቀስ ብዬ ሳሳልፍ አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረገኝ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ጭረት ናት፤ በዓይን በቀላሉ አትታይም። ዘንጉ በወጣና በወረደ ቁጥር ግን ያቺ ጭረት የዘይት መያዣውን ጎማ ትበላዋለች፤ ዘይቱ ይወርድና የፍሬኑን ዲስክና ሸራ ይቀባዋል፤ በጣም በምትፈልገው ሰዓት የፊት ፍሬን ታጣለህ። ጋራዡ ይህን አይቶታል? ጠይቅና ጻፍልኝ። ካላየው ራስህ በጥፍርህ ፈልጋት፤ ቀለም ተቀብቶ የተሰጠህ ሁሉ ተጠግኗል ማለት አይደለም።

ሞተሯን በማዕከላዊ ማቆሚያዋ አቁመህ የፊት ጎማዋን ከመሬት አንሣና መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ አዙረው። መሃል ላይ ሲደርስ ቆንጠጥ የሚያደርገው ከሆነ ኩሽኔታው ተጎድቷል፤ አስቀይረው። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በመፍቻ መታ መታ አድርጋቸው፤ የላላው በድምፁ ይለያል። ጎማዎቹ ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ታገኛለህ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ ናቸው። የዛገውን ብረት ሰው ያየዋል፤ ያረጀ ጎማ ግን ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቅና ዝናብ ላይ ይከዳሃል። ነፋሱን ጠዋት ሳትነዳ ለካ።

የፍሬን ዘይቱን ደግሞ አስቀይር። ከአየር እርጥበት ይስባልና በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። አዲስ አበባ መሄድህ አይቀርም፤ ከደጀን ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ውኃ የገባበት የፍሬን ዘይት እዚያ ግሎ ይፈላና እጀታው ባዶውን ይገባል። ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና ፍሬኑ እየሸተተ እንኳን ቢዘገይ አትቸኩልበት። ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ ይያዝህ፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ነካ አድርገው።

ሄልሜቱ ጭረት ብቻ ነው ያለበት ብለህ ላክልኝ ብለህ ነበር። አልክልህም። ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ ከተመታ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ራስህን አያድንም። ማንም አንሥቶ እንዳያደርገው ማሰሪያውን ቆርጬዋለሁ፤ ልጥለው ስል ግን እናትህ ቀምታኝ ሳጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ጋር አስቀመጠችው። አንዳንድ ጊዜ ታወጣውና ትስመዋለች። አዲስ ግዛ፤ የቀረህን ገንዘብ እኔ እሞላለሁ። ጫማና ቀሚስ ለእህትህ እገዛለሁ ብለህ ያስቀመጥከው ካለ እሷም ትታገሥሃለች።

«አህያ ሳይ እጄ ይደርቃል» ያልከኝን አልረሳሁትም። ለእኔ ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል፤ እንዳትደብቀኝ። እጅ ሲደርቅ ዓይን የፈራውን ነገር ላይ ይተከላል፤ ሞተር ደግሞ ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። አህያዋን ሳይሆን የምታልፍበትን ክፍት ቦታ እይ። በማለዳ ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልግና በ40 እየነዳህ ማቆምን ተለማመድ፤ የፊት ፍሬኑን በአንዴ አትጨብጠው፣ እየጨመርክ ጭመቀው። እጅህ ሳታስበው እስኪሠራው ድረስ ደጋግመው። የሕመም ማስታገሻ የወሰድክ ቀን ግን ሞተሯን አትንካ፤ ያ ትራማዶል የሚሉት ያፈዝዛል። ሐኪሙም የጭንህን ራጅ ዳግመኛ ሳያየው ረጅም መንገድ እንዳትጀምር።

ለመስቀል እመጣለሁ ብለሃል፤ ና። መስከረም 15 ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሥ፤ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በቀን ትገባለህ። ዕቃህን ከባድ ከባዱን ዝቅ አድርገህ በሁለቱ ሻንጣ እኩል ክፈለው። እንጅባራ ላይ ቁርስ ብላ፤ ጉም ካለ እስኪገለጥ ቡናህን ጠጣ። ቡሬ ስትደርስ ደውልልኝና ካቴናውን እይ። ዝናብ ቢይዝህ፣ ጎማ ቢተነፍስብህ፣ ምንም ይሁን ምን ፍኖተ ሰላም ላይ 11 ሰዓት ከሆነብህ ከዚያ እንዳታልፍ። አክስትህ ቤት እደር፤ ነግሬያታለሁ፤ ሞተሯን ግቢ የምታስገባበት ሳንቃ አዘጋጅታለች። ከዚያ ወዲህ ቢመሽብህም ጅጋም ደምበጫም አማኑኤልም ሆቴል አለ፤ ሆቴል ባይኖር የሰው ደጅ አለ። ደመራው ያለ አንተ ቢለኮስ ማናችንም አንቀየምህም።

ለፊት ጎማዋ የሚሆን ካላማዳሪያ እዚህ ስለጠፋ ትርፍ ይዘህ ና። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድንህ ቀኑ እንዳያልፍ ተመልከት። አክስትህ ስልኳን ቀይራለች፤ አዲሱን ቁጥር ከእህትህ ተቀበልና ከመነሣትህ በፊት በወረቀት ጽፈህ ኪስህ ያዘው፤ የስልክህ ባትሪ ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ።

እናትህ ትስምሃለች።

አባትህ