ሰበር ሰሚ ችሎት አዋጅ አይሽርም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ «ዳኞች መንግሥት» ያወጣችሁት ሐተታ ሰሞኑን በፍርድ ቤት ግቢ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ብዙውን ትቼ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ እቆማለሁ። በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ አዋጅ ይሽራል፣ ስለዚህ አገሪቱን የሚገዙት ዳኞች ሆነዋል ብላችኋል። ስህተት ነው። ችሎቱ አዋጅ እንዲሽር የሚፈቅድለት አንድም ሕግ የለም።

ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62(1) የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚያ የሚቀመጡት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ናቸው። ጉዳዩን የሚያጣራው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት። ከነዚህ ውስጥ በዳኝነት ወንበራቸው የገቡት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው ብቻ ሲሆኑ፣ 6ቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ 3ቱ ደግሞ ከምክር ቤቱ የተወከሉ ናቸው። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ይመራል፤ አያስፈልገውም ካለም ቅር የተሰኘው ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል። ይህን ሁሉ ለማጣራት ሕገ መንግሥቱን ከአንቀጽ 82 እስከ 84 ማንበብ ይበቃ ነበር።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በሸሪዓ ፍርድ ቤት አልዳኝም ያለች ሴት ተቃውሞዋ በፍርድ ቤቶቹ ሳይሰማ ቀርቶ፣ አጣሪ ጉባኤውም አቤቱታዋን መልሶባት፣ በመጨረሻ የፈረደላት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 34(5) የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል ብሎ የፍርድ ቤቶቹን ውሳኔ ሻረ። ዳኞች በሚነግሡበት አገር ፖለቲከኞች የተቀመጡበት ምክር ቤት የዳኛን ፍርድ እንዲህ ይሽራል?

ከእስራኤል ጋር ማነጻጸራችሁም አያስኬድም። እዚያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከ15 ዳኞች 8ቱ የአገሪቱ ፓርላማ ክኔሴት ያጸደቀውን የመሠረታዊ ሕግ ማሻሻያ ውድቅ አድርገዋል። ጥሩም ይሁን መጥፎ ያ የዳኞች ሥልጣን ነው። የእኛ ሰበር እዚያ ደረጃ አጠገብ አልደረሰም።

ሰበር ሥልጣን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አድርጓል። የአሁኑ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም አስገዳጅነቱን አስቀጥሎታል። ጉልበቱን ለማየት የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448ን ማስታወስ ይበቃል። ችሎቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን ሲተረጉም የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት አለ፤ በመንደር ውል በምስክሮች ፊት ብቻ ፈርሞ ቤት የገዛ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 639/2001 ያንኑ ቁጥር 1723 አሻሽሎ ከባንክና ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ጋር የሚደረገውን የብድርና የመያዣ ውል ከግዴታው ነጻ አወጣው። የችሎቱ ትርጉም ሕግ አውጪው በአንድ አዋጅ የሚለውጠው ትርጉም ነው። ዳኞቹንም የሚሾመው፣ የፍርድ ቤቱንም በጀት የሚያጸድቀው ይኸው ፓርላማ ነው።

የጋዜጣችሁ ስህተት ዋጋ የሚያስከፍለው ባለጉዳዩን ነው። «ሰበር አዋጅ ይሽራል» የሚል ያነበበ ሰው ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄውን ይዞ ሰበር ይሄዳል። የሰበር አቤቱታ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ማሳየት አለበት፤ ምስክር አልተመዘነልኝም የሚል በአጣሪ ችሎቱ በሦስት ዳኞች ተመልክቶ ይመለሳል። የሕገ መንግሥት ጥያቄ መንገዱ ሌላ ነው። ክርክሩ ገና በፍርድ ቤት ካለ ዳኛው ትርጉም የሚያስፈልገውን ጭብጥ ብቻ ለይቶ ወደ ጉባኤው ይልካል። የመጨረሻ ፍርድ ካገኘ ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ የፍርዶቹን ግልባጭ አያይዞ ለጉባኤው ያመለክታል። ማመልከት ብቻውን አፈጻጸም አያግድም፤ እግድ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ይህን ሳያውቅ የቀረ ሰው መዝገቡ ሳይታይ ቤቱ በሐራጅ ይሸጥበታል።

ከሁሉ የከፋኝ ግን በክልል የምንሠራውን ጭራሽ መርሳታችሁ ነው። ሐተታው ከአዲስ አበባው የልደታ ፍርድ ቤት ግቢ አልወጣም። የሰበር ትርጉም ከማንም ይበልጥ የሚጫነው የወረዳ ዳኛው ላይ ነው። ከ20 በላይ የሆኑት የሰበር ውሳኔ ጥራዞች (ቅጾች) የታተሙት በአማርኛ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ ወይም በትግርኛ የሚያስችል ዳኛ ግን በነሱ ይገደዳል። ቅጹ እጁ ሳይገባ የወሰነውም ይሻርበታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(3) የክልል ጉዳይን ሰበር ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ሳለ የፌዴራሉ ሰበር ምን ያህል ይገባበታል የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እዚህ ላይ ዳኞች ሥልጣን አበዙ ብትሉ እሰማችሁ ነበር። ያም ቢሆን ከደቡብ ክልል በመጣው መዝገብ ቁጥር 23632 የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል ብሎ የሥር ፍርድ ቤቶችን የሻረው ይኸው ሰበር ስለሆነ ጣልቃ ገብነቱን በጅምላ መኮነን አልችልም።

ዳኛ ገነነ ስትሉን እኛ በየቀኑ የምናየው ተቃራኒውን ነው። ዳኛው ዋስትና ይፈቅዳል፣ ቤተሰብ ገንዘቡን አስይዞ ደረሰኙን ያመጣል፣ የመፈቻ ትእዛዙ ማኅተም ተመቶበት ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። ተረኛው አንብቦ «ከበላይ እስኪነገረን» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ሲነጋ ተጠርጣሪው በሌላ ወንጀል ተጠርጥሯል ይባላል። ጠበቃው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ያስገባል፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ትእዛዝ። አንድ ሰው ማስፈታት ያቃተውን ዳኛ ገዢ ብሎ መጥራት እስር ቤት ያለውን ሰው መበደል ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ ሐተታው በወጣበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ «ሰበር ሰሚ ችሎት አዋጅ የመሻር ሥልጣን የለውም፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው» ብላችሁ አርሙ።

ከአክብሮት ጋር
በክልል ፍርድ ቤቶች የሚሠራ ጠበቃ