የሙዚቃ ክበብ፦ ከአንድ ሥራ ሁለት እትም ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ አልሠራም። አንድ ሥራ ላይ ግን ሙጭጭ ብሎ ከረመ። የሰንደቅ ዓላማ ቀን መዝሙሩም የሚኒ ሚዲያ ማጀቢያውም እንደወትሮው ተሠርቷል፤ እሱን ልለፈው።

ሙጭጭ ያልንበት የጀርመናዊው ሮበርት ሹማን «የዳዊት ማኅበርተኞች ጭፈራዎች» ነው። 18 አጫጭር የፒያኖ ሙዚቃዎች ናቸው። የጻፋቸው በ1837 ነው፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ። ሹማን ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ፒያኒስቷ ክላራ ቪክ ላግባሽ ሲላት እሺ ብላዋለች። አባቷ ግን በጭራሽ አሉ። የሥራው መክፈቻ ዜማ እንኳ እሷ ከጻፈችው ማዙርካ (የፖላንድ ጭፈራ ሙዚቃ) የተወሰደ ነው።

ማኅበሩ በእውን ያለ አይደለም፣ የሹማን ፈጠራ ነው። ዳዊት ፍልስጥኤማውያንን እንደተዋጋ፣ እነሱም የደነዘዘ የሙዚቃ ጣዕምን ይዋጋሉ። ዋነኞቹ አባላት ሁለት ናቸው፦ ግልፍተኛው ፍሎሬስታንና ሕልመኛው ዩሴቢየስ። ሁለቱም ራሱ ሹማን ነው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ የክበቡን አባላት በሙሉ ለሁለት ከፈሏቸው፤ እኔንም ጭምር።

በ1838 የታተመው ኖታ ላይ የደራሲዎቹ ስም ፍሎሬስታንና ዩሴቢየስ ነው። ከየሙዚቃው ሥር የአንዱ ወይም የሁለቱም ስም መነሻ ፊደል አለ። 9ኛው ላይ ፍሎሬስታን ዝም እንዳለና ከንፈሩ በሐዘን እንደተንቀጠቀጠ ተጽፏል። 18ኛው ላይ ደግሞ ዩሴቢየስ አስፈላጊ ባይሆንም ይህችን ጨመረ፣ ዓይኖቹ ግን በደስታ ተሞልተው ነበር ይላል። ሹማን ራሱ አርሞ በ1850 ባወጣው ሁለተኛ እትም ይሄ ሁሉ የለም። ፊደሎቹ ጠፍተዋል፣ ማስታወሻዎቹ ተሰርዘዋል፣ «ጭፈራዎች» የሚለውም ከርዕሱ ወጥቷል። በምትኩ አንዳንድ ቦታ የድግግሞሽ ምልክት ተጨምሯል።

ሁለቱንም እትሞች ከኢንተርኔት አውርደን ፕሪንት አደረግን። ልጆቹ እርሳስ ይዘው መስመር በመስመር አስተያዩ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ «ቲቸር፣ ባለቤቱ ራሱ ሰረዘው፤ እኛ ምን አገባን?» አለ። አንዷ አልተዋጠላትም። የ1850ው ሹማን ክላራን ካገባ 10 ዓመት የሞላው፣ የልጆች አባት፣ ዱሰልዶርፍ ውስጥ የከተማው የሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው አለች። ያ ሰው የወጣቱን ሥራ የማረም መብት አለው ወይ? እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ፊደሎቹ ሲወጡ፣ ሙዚቃው ከቁጣ ወደ ትካዜ የሚዘለው ለምን እንደሆነ ለአዲስ ሰሚ ግራ ይሆናል። ድግግሞሾቹን ግን ወድጃቸዋለሁ። አንዳንዱ ሙዚቃ በመጀመሪያው እትም ጆሮ ሳይጠግብ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ፒያኒስቶች እንደሚያደርጉት ከሁለቱም ቀላቀልን።

ለወላጆች ቀን የቀረበው 18ኛው ነው። አንዷ የዩሴቢየስን ማስታወሻ በአማርኛ በማይክ አነበበች፣ ሌላው በኪቦርድ ተጫወተ። መጨረሻው ላይ ዝቅተኛዋ «ዶ» እንደ እኩለ ሌሊት ደወል 12 ጊዜ ትመታለች። ድምጿ እንዲቆይ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ያስፈልጋል፤ የኛ ኪቦርድ ደግሞ ፔዳል የለውም። ደወሉ በር እንደማንኳኳት ሆነ።

ለሚቀጥለው ዓመት የዚሁ ሰው የፒያኖ ሥራ «ሲምፎኒያዊ ኤቱዶች» (ኤቱድ የመለማመጃ ሙዚቃ ነው) ተመርጧል። እሱም ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ ሹማን ከሥራው ቀንሶ የተዋቸውን አምስት ቫሪዬሽኖች (አንዱን ዜማ እየለዋወጡ የሚያቀርቡ ሙዚቃዎች) ደግሞ ከሞተ በኋላ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ አሳትሟቸዋል። ቤቱ የማይጠቀምበት የኪቦርድ ፔዳል ያለው ወላጅ ካለ፣ እባካችሁ በልጃችሁ ላኩልን።