የመኳንንት ልብስ ሁሉ ከፋይና ወርቅ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሜሪላንድ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል፣ የድሮ እንግሊዝ መንደር ስለሚታይበትና ብዙ ሰው እንደዚያ ዘመን ሰው ለብሶ ስለሚመጣበት ዓመታዊ ትርኢት፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ክራውንስቪል ብቅ እንዲሉ ማበረታታታችሁ ደስ ብሎኛል። እንደ ዘመኑ መኳንንት ለመልበስ ግን የሚያብረቀርቅ ከፋይ፣ የወርቅ ጥልፍና ባለላባ ባርኔጣ ተከራይቶ መሄድ በቂ ነው የሚለው ምክራችሁ አልተዋጠልኝም። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ሽሮ ሜዳ ተምሬ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እሠራበታለሁ። የዘንድሮውን የባለቤቴን ልብስ ከቅዱ እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለቤቴ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው። ዓምና ከአንድ ሱቅ የተከራየንለት «የልዑል ልብስ» ከላይ እስከ ታች ፖሊስተር ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ወበቅ ገና ቀትር ሳይሆን ጀርባው ላይ ተጣበቀ፤ ፈረሰኞቹ በጦር ሲጋጠሙ ለማየት አጥሩን ሲደገፍ ደግሞ ብብቱ ተተረተረ። ዘንድሮ ሜትሬን አንስቼ ልለካው ስል፣ «ሙሽራ አታስመስዪኝ፤ ፈረስ ላይ ውሎ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው አድርጊኝ» አለኝ። ልክ ነበር። የዚያ ዘመን መኳንንት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በአደን፣ በመንገድና በጦር ሰፈር እንጂ ሥዕል ለማስነሳት ቆመው አልነበረም።

ፌስቲቫሉ የሚያሳየው መንደር በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ያለ ነው፤ ንጉሡ የገዛው ከ1509 እስከ 1547 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ባለቤቴን በ1544 እንግሊዞች የፈረንሳይን ቡሎኝ ከብበው ሲይዙ እዚያ የዘመተ፣ ርስትና ማዕረግ ያለው፣ ግን ጭቃና ዝናብ የጠገበ ባላባት አድርጌ አሰብኩት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይለብሳል? አንዱ መልስ ከባሕር ወጥቷል። ሜሪ ሮዝ የተባለችው የንጉሡ የጦር መርከብ ሐምሌ 1545 ከእንግሊዟ የወደብ ከተማ ከፖርትስማውዝ ፊት ለፊት ሰጥማ በ1982 ከባሕር ስትወጣ፣ እጅጌ የሌላቸው የቆዳ ሰደርያዎች ተገኝተውባታል፤ ዛሬ እዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። የመርከበኞችና የወታደሮች ልብስ ናቸው። ጌቶቻቸውም ቢሆኑ ለዘመቻ ቆዳ ይደርቡ ነበርና ቅዱን ከእነሱ ወሰድኩ።

ሌላም ነገር አለ። በ1533 የወጣው የእንግሊዝ የአለባበስ ሕግ ሐምራዊ ሐርን ለንጉሡና ለቤተሰቡ ብቻ ነበር የፈቀደው፤ ከፋዩም በቀለሙና በለባሹ ማዕረግ ተለይቶ ይፈቀድ ነበር። በኪራይ ሱቁ ሐምራዊ ከፋይ የሚንጎራደድ «ባላባት» በዚያ ዘመን ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይጠየቅ ነበር።

ከሥጋው ቀጥሎ የሚለበሰው ከተልባ ተክል ክር የሚሠራ የሊነን ሸሚዝ ነው፤ ሰፊ፣ አንገቱና የእጁ ጫፍ የተሰበሰበ፣ ላብ የሚመጥ። በላዩ ዳብሌት የሚባለው ጠበብ ያለ ጃኬት ይመጣል፤ የሸክላ ቀለም ካለው ጠንካራ ሱፍ ሰፋሁት። ሱሪውን የሚይዘው ቀበቶ ሳይሆን ይህ ጃኬት ነው፤ ሱሪው በዙሪያው በማሰሪያ ይንጠለጠልበታል። ስለዚህ ከሱፉና ከገበሩ መካከል የሊነን ሸራ ካልገባበት ባለቤቴ ጎንበስ ባለ ቁጥር ይቀደዳል። ትልቁ ሥራ የማሰሪያው ቀዳዳ ነው። የብረት ቀለበት መትቶ መገላገል ይቻላል፤ ግን ለዚህ ልብስ የብረት ቀለበት የኋላ ዘመን ነገር ነው፣ ጨርቁንም ይቆርጠዋል። እኔ የእናቴን የሰፌድ ወስፌ አወጣሁ። ወስፌ ክሩን አይበጥስም፤ ገፋ አድርጎ ያሰፋዋል። ቀዳዳውን ከወስፌው ወፍራም ጫፍ ላይ ሳላወርድ ዙሪያውን በሰም ባሸሁት የሊነን ክር ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። ጣት ያሳብጣል፤ ግን አንዱም አልተተረተረም፣ ባለቤቴም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ተነሥቶበታል።

ቆዳው አዲስ ሆኖ እንዳይታይ የተጠነቀቅኩትን ያህል ለሌላው አልተጠነቀቅኩም። በዛፍ ቅርፊት የለፋ ወፍራም የላም ቆዳ ገዛሁ። ሰደርያውን ከሰፋሁ በኋላ በለብታ ውሃ አርጥቤ አለበስኩትና ጓሮውን ሣር እንዲያጭድ ላክሁት። ሲደርቅ የሰውነቱን ቅርጽ ይዞ ቀረ፤ የጎኑ እጥፋት ሳይቀር። ከዚያ ትከሻው ላይ፣ ቀበቶ በሚያርፍበትና የጎራዴው ጠፍር በሚፋተግበት ቦታ ብቻ በአሸዋ ወረቀት ፈተግሁና ዘይት ቀባሁት። ልብስ የሚያረጀው በሚነካበት ቦታ ነው። ሁሉን እኩል መፋቅ ያረጀ ሳይሆን የተበላሸ ያስመስላል፤ የቲያትር ልብስ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ ባላባትነቱ በምን ይታወቃል? በኮሌታው። በሄንሪ ዘመን እንግሊዞች በነጭ ሊነን ላይ በጥቁር ሐር ክር የሚጠለፍ ጥልፍ እጅግ ይወዱ ነበር። የሸሚዙን አንገትና የእጁን ጫፍ እንደዚያ ጠለፍኩት፤ ከቆዳው ሥር ሁለት ጣት ያህል ብቻ ብቅ ይላል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ለሚጠልፍ ሰው ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር።

በር ላይ አንድ ወገናችን ባለቤቴን «ጥቁር ሰው በሄንሪ አገር ምን ያደርጋል?» ብሎት ነበርና፣ ለእሱም እዚሁ ልመልስለት። ጆን ብላንክ የተባለ ጥቁር መለከት ነፊ በሄንሪ ቤተ መንግሥት ያገለግል ነበር፤ በ1511 የተደረገውን የዌስትሚንስተር የፈረሰኞች ውድድር በሚያሳየው የሥዕል ጥቅልል ላይ ፈረስ ላይ ሆኖ ይታያል። ደመወዝ እንዲጨመርለትም ለንጉሡ አመልክቷል። በ1512 ሲያገባ ንጉሡ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ልብስ ሰጥቶታል። ባለቤቴ እዚያ እንግዳ አይደለም።

ጋዜጣችሁን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኪራይ ሱቆቹን ብቻ ሳይሆን በልክ መስፋት የሚችሉ የእኛ ባለሙያዎችም እንዳሉ ጻፉ። ፌስቲቫሉ ከ1977 ጀምሮ አለ፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት በየቅዳሜና እሑዱ ሕዝብ ይጎርፍበታል፣ ብዙውም ለብሶ ነው የሚመጣው። ካባ መስፋት፣ ጥለት መጥለፍ፣ ገበር መምታት የሚያውቁ እናቶች በዚህ ከተማ ሥራ አጥተው ሆቴል ያጸዳሉ። ለአንድ በልክ የተሰፋ ዳብሌት ጥሩ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ፤ እኔ ራሴ ባለቤቴ የለበሰውን አይተው የጠየቁኝን ሰዎች ትእዛዝ ብቻዬን መጨረስ አልቻልኩም። ሁለተኛ፣ የሸሚዙን ኮሌታና የቆዳ ሰደርያውን ቅድ በሴንቲ ሜትር ነድፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ቦታ ከተገኘ አትሙት፤ ካልተገኘም ለጠየቃችሁ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ስጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ